ሁለት ጊዜ የወደቀው መምህር፤ ግሪጎር ሜንዴል፣ አተሩና ኩላሊቱ



የፈተና ሰሞን ሲደርስ የሠልጣኞች ፊት እንዴት እንደሚጠቁር ሁላችንም እናውቀዋለን። ውጤት በተለጠፈ ዕለት ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሞ፣ ስሙን ከላይ እስከ ታች ፈልጎ አጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚመለስ አይጠፋም። ይህን አስበን በዚህ እትም የአንድ መምህር የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ይህ ሰው የመምህርነት ማረጋገጫ ፈተና ለሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ አልተሳካለትም። እስከ ዕለተ ሞቱም የምስክር ወረቀቱን አልያዘም። ሆኖም ዛሬ የሥነ ሕይወት ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ ስሙ ይነሣል። ሰውየው ግሪጎር ሜንዴል ነው።

ሜንዴልን የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለን። የሞተው በኩላሊት በሽታ ነው። በአተር ላይ የጀመረው ሥራ ደግሞ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ዞሮ ዞሮ ኩላሊት ለምን እንደሚታመም ለማስረዳት በቃ። ሰውየውንና በሽታውን አንድ ላይ ብናነብ፣ ነገ ክፍል ገብተን ስለ ውርስ ስናስተምር ይጠቅመናል ብለን አስበናል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የገባሩ ልጅ

ሜንዴል የተወለደው በ1822 ነው። የትውልድ መንደሩ ሃይንዘንዶርፍ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ትገኛለች። የልጅነት ስሙ ዮሐን ነበር። አባቱ አንቶን ገበሬ ነበሩ፤ በሳምንት ሦስት ቀን የባላባቱን ሁዳድ እየሠሩ፣ በተረፈው ጊዜ የራሳቸውን መሬት ያርሱ ነበር። ልጁ ከአባቱ እጅ የፍራፍሬ ዛፍ መንከባከብን፣ ከመንደሩ ትምህርት ቤት ደግሞ ንብ ማነብን ተማረ።

የመንደሩ አስተማሪ የልጁን አእምሮ አይተው ከፍ ወዳለ ትምህርት ቤት እንዲላክ ወላጆቹን መከሩ። እነሱም ላኩት፤ ግን ሙሉ ቀለቡን መክፈል ስላልቻሉ ልጁ በግማሽ ሆዱ ነበር የሚማረው። በ1838 አባቱ በሁዳዱ ሥራ ላይ ሳሉ ግንድ ወድቆባቸው ደረታቸው ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ልብ መሥራት አልቻሉም። ዮሐን ያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ነው። ከቤት የሚመጣው ሲቋረጥበት ሌሎች ተማሪዎችን እያስጠና ራሱን ማስተዳደር ጀመረ። ሥራውና ረኃቡ ሲበዛበት ግን ታመመ፤ ትምህርቱንም አቋርጦ ቤት ተኛ።

እዚህ ላይ የታናሽ እኅቱ የቴሬዚያ ነገር አይታለፍም። ለጋብቻዋ ከታሰበላት ሀብት ላይ ቀንሳ ለወንድሟ መማሪያ ሰጠች። እኛ ይህን ስናነብ የራሳችን እኅቶች ናቸው ትዝ ያሉን። ስንቶቻችን ነን በእናት ጉሊት፣ በእኅት ጉልበት እዚህ የደረስነው? ሜንዴልም ውለታዋን አልረሳም። ኋላ ኑሮው ሲቃናለት የእኅቱን ሦስት ወንዶች ልጆች አስተማረ፤ ከእነሱም ሁለቱ ሐኪሞች ሆኑ።

በ1843 ብርኖ ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ቶማስ የአውጉስቲኖሳውያን ገዳም ገባ፤ ግሪጎር የሚለው ስምም እዚያ የተሰጠው ነው። ወደ ገዳም ያስገባው እምነት ብቻ አልነበረም፤ የዕለት እንጀራ ጭንቀትም ነበረበት። ገዳሙ ግን የጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን መጻሕፍት የሞሉበት፣ አትክልት የሚጠናበት፣ መነኰሳቱም በከተማው ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩበት ቦታ ነበር። ቅስና ከተቀበለ በኋላ የታመሙትን እንዲጎበኝ ቢመደብም የሕሙማንን ሥቃይ ሲያይ እሱም አብሮ ይታመም ጀመር። አበ ምኔቱ ሲሪል ናፕ ይህን አይተው በ1849 ዝኖይሞ ወደምትባል ከተማ ተተኪ አስተማሪ አድርገው ላኩት። ማስተማር ተስማማው። ሰውየው ቦታውን አገኘ ማለት ይቻላል።

ፈተናው

ቋሚ መምህር ለመሆን የመንግሥት ፈተና ማለፍ ያስፈልግ ነበር። በ1850 ሜንዴል ለፈተና ቀረበ። ፊዚክሱና የአየር ጠባዩ ጥያቄ ደህና ሄደለት። በሥነ ምድርና በሥነ እንስሳት ግን ወደቀ፤ አጥቢ እንስሳትን በየወገናቸው መድቦ አስረዳ ሲባል አቃተው። የሚያስገርም አይደለም። እነዚህን ትምህርቶች በዩኒቨርሲቲ አልተማረም፤ ያወቀውን ያወቀው ብቻውን አንብቦ ነው።

ናፕ ግን ልጁን አልጣሉትም። ከ1851 እስከ 1853 ቪየና ዩኒቨርሲቲ ላኩት። እዚያ ፊዚክስን ከክርስቲያን ዶፕለር፣ የዕፅዋትን ሥነ ሕይወት ከፍራንዝ ኡንገር ተማረ። ከፊዚክስ ሊቃውንቱ ነገርን መቁጠርና በሒሳብ ማስላትን፣ ከኡንገር ደግሞ የዕፅዋት ውርስ እንዴት እንደሚሄድ መጠየቅን ወሰደ። ሁለቱ እውቀቶች በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ይህ ብዙ አይገኝም ነበር።

ተመልሶ በ1854 ብርኖ ውስጥ ፊዚክስና የተፈጥሮ ታሪክ ማስተማር ጀመረ፤ አሁንም በተተኪነት። በ1856 ሁለተኛ ለፈተና ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ በፈተናው መካከል ታመመና ሳይጨርስ ወደ ብርኖ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አልሞከረም። ሆኖም እስከ 1868 ድረስ ለ14 ዓመት ያህል በዚያው ትምህርት ቤት አስተማረ። ተማሪዎቹ ይወዱት እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ሁሉ ይመሰክራሉ። ከዚህ የምንረዳው ፈተና ከንቱ ነው ማለትን አይደለም፤ ፈተናው የለካው የጎደለውን ነው፣ ጉድለቱም እውነተኛ ነበር። ግን የጎደለውን የሚለካ ወረቀት ያለውን ሁሉ ይለካል ማለት አይደለም።

አተሩ

በዚያው በ1856 ሜንዴል ታላቅ ሥራውን ጀመረ። የገዳሙ የሙከራ ቦታ 35 ሜትር በ7 ሜትር ያህል የሆነ መደብ ነበር፤ ከብዙዎቻችን የጓሮ አትክልት የሚበልጥ አይደለም። አተርን የመረጠው እንዲሁ አልነበረም። የአተር አበባ ተዘግቶ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል የባዕድ ዱቄት በቀላሉ አይገባበትም። አስቀድሞ 34 ዓይነት ዘር ሰብስቦ ለሁለት ዓመት ዘርቶ አጣራ፤ ዘሩ የማይለወጥ መሆኑን ያረጋገጠባቸውን 22ቱን ለሥራ አስቀረ። ከዚያም ሰባት ጥንድ ባሕርያት ለየ፤ ፍሬው ክብ ነው ወይስ የተጨማደደ፣ ቢጫ ነው ወይስ አረንጓዴ፣ ተክሉ ረጅም ነው ወይስ አጭር፣ እያለ።

ሥራው የትዕግሥት ሥራ ነው። እምቡጡን ሳይፈነዳ ከፍቶ ወንዴውን ክፍል በወረንጦ ያወጣል፤ ከሌላው ተክል ያመጣውን ዱቄት ይቀባል፤ አበባውን በከረጢት ያስራል። ፍሬው ሲደርስ ይቆጥራል። ክቡን ከተጨማደደው ቢያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ክብ ሆነ። የተጨማደደው ጠፋ? አልጠፋም። ልጆቹ ራሳቸውን ሲያዳቅሉ በሚቀጥለው ትውልድ 5,474 ክብና 1,850 የተጨማደደ ፍሬ ተገኘ፤ ወደ ሦስት ለአንድ ማለት ነው። በሌሎቹም ባሕርያት ያው ሆነ። በስምንት ዓመት ውስጥ 28,000 ያህል ተክል መረመረ።

ሜንዴል ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ነገር አየ። እያንዳንዱ ተክል ለአንድ ባሕርይ ሁለት ቅንጣት አለው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ለልጅ የሚተላለፈው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሚተላለፍም እንደ ዕጣ ነው። አንዱ ቅንጣት አውራ፣ ሌላው ድብቅ ሲሆን፣ ድብቁ ይሸሸጋል እንጂ አይሞትም፤ ከልጅ ልጅ ዘንድ ብቅ ይላል። ያንን ቅንጣት ዛሬ ዘረመል ወይም ጂን እንለዋለን።

በ1865 የካቲትና መጋቢት ውስጥ ውጤቱን በብርኖ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ፊት ሁለት ምሽት አነበበ፤ በ1866 ታተመ። 40 ቅጂ ለብቻ አሳትሞ ለሊቃውንት ላከ። ምን ዋጋ አለው፣ ቁም ነገሩን የተረዳለት አልተገኘም። የሙኒኩ ሊቅ ካርል ኔጌሊ መልስ ቢጽፉለትም እሳቸው ያጠኑት የነበረው ሂየራሲየም የተባለ አበባ ነበርና ሜንዴልም ወደዚያ ዞረ። ያ አበባ ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ድቀላ ዘር የሚያፈራ ጉደኛ ነው። የዚህ ምሥጢር ያን ጊዜ አልታወቀም። ሜንዴል ዓይኑ እስኪደክም ለፍቶበት ከአተሩ የተለየ ውጤት አገኘ። በ1868 አበ ምኔት ሆኖ ተመረጠ፤ ከ1874 ጀምሮ ደግሞ በገዳማት ላይ በተጣለው አዲስ ግብር ምክንያት ከመንግሥት ጋር ክርክር ገጥሞ እስኪሞት አልበረደም። አተሩ ቀረ።

የመጨረሻው ሕመም

በ1883 የሜንዴል ጤና ተበላሸ። እግሩ ያብጥ ጀመር፤ ልቡም ደከመ። በሽታው በዚያ ዘመን የብራይት በሽታ ይባል የነበረው የኩላሊት ሕመም ነው። ስሙ የመጣው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከሪቻርድ ብራይት ነው። ብራይት በ1827 ባሳተሙት ጥናት ሰውነቱ ያበጠና ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ያለበት ሰው ሲሞት ኩላሊቱ ተበላሽቶ እንደሚገኝ አሳይተው ነበር። በሽታው ስም አገኘ እንጂ መድኃኒት አላገኘም። በሰው ላይ የሚሠራ የኩላሊት ማጠቢያ መሣሪያ በሆላንድ በቪለም ኮልፍ የተሠራው በ1943፣ የተሳካው የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቦስተን የተደረገው በ1954 ነው። በአገራችንም በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2015 ነው። ሜንዴል ከዚህ አንዱም አልደረሰለትም። ጥር 6 ቀን 1884 በ61 ዓመቱ ዐረፈ።

በቀብሩ ላይ ኦርጋን የመታው የሙዚቃ ደራሲው ሌዎሽ ያናቼክ ነበር። ለቀስተኛው ያለቀሰው ለደጉ አበ ምኔት እንጂ ለሳይንስ ሊቅ አልነበረም። ሊቅነቱ የታወቀው በ1900 ሦስት ተመራማሪዎች በየፊናቸው ያንኑ ሕግ ሲያገኙና የሱን ጽሑፍ ከአቧራ ውስጥ ሲያነሡት ነው።

ከአተር ወደ ኩላሊት

አሁን ወደ ኩላሊቱ እንመለስ። እያንዳንዱ ኩላሊት ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚያ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል።

እነዚህ ማጣሪያዎች የሚሠሩት በማኅፀን ውስጥ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ገደማ እንደ እምቡጥ ያለች ቱቦ ወደ አንድ የሕዋስ ክምችት ታድጋለች። ክምችቱ ጂ.ዲ.ኤን.ኤፍ. የሚባል ፕሮቲን እየረጨ ቱቦዋን ይጠራታል፤ ቱቦዋም ሬት በሚባል ተቀባይ ጥሪውን ትሰማለች። ስትደርስ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ታወጣለች፤ በየቅርንጫፉ ጫፍ ኔፍሮን ይበቅላል። ይህን ሥራ የሚመሩት የዕድገት ጂኖች ናቸው፤ ፓክስ 2 እና ደብልዩ.ቲ. 1 የሚባሉት በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ወደ 36ኛው ሳምንት ሲደረስ ሥራው ይዘጋል። ሰው ከተወለደ በኋላ አንድም አዲስ ኔፍሮን አይጨምርም፤ ይዞት የተወለደው ስንቁ ያው ነው።

ስንቁ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። በአንዱ ኩላሊት 200,000 ብቻ፣ በሌላው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሊገኝ ይችላል። ጥቂት ይዞ የተወለደ ሰው ወዲያው አይታመምም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አሥር ሰው ይሸከመው የነበረውን እህል አምስት ሰው ቢሸከመው ለጊዜው ይደርሳል። ግን ጭነቱ የበዛበት ቀድሞ ይደክማል፤ አንዱ ሲወድቅ የሱ ድርሻ በቀሩት ላይ ይጫናል። ኩላሊትም እንዲሁ ነው። በያንዳንዱ ማጣሪያ ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፤ ማጣሪያው ይጠባሰላል፤ ፕሮቲን ያፈስሳል፤ የደም ግፊት ይነሣል። በሠላሳና በአርባ ዓመት የሚታይ በሽታ ሥሩ ማኅፀን ውስጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሜንዴል አተር ይመጣል። አተሩን የሚያጨማድደው ጂን በእንግሊዝ አገር ተለይቶ የታወቀው በ1990 ነው። ድብቁ ቅንጣት ስታርች የሚሠራ ኤንዛይም የተበላሸበት ነው። ሁለቱም ቅንጣት የተበላሸበት አተር ስኳርና ውኃ ያበዛና ሲደርቅ ይጨማደዳል። አንድ ጤነኛ ቅንጣት ካለው ግን ኤንዛይሙ ይበቃዋል፤ ክብ ይሆናል። በዚያው በ1990 ደብልዩ.ቲ. 1 ተገኘ። የጂኑ ጉድለት በሕፃናት ላይ የኩላሊት ዕጢ ወይም የማጣሪያ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

በ1995 ደግሞ ፓክስ 2 ሲጎድል ምን እንደሚሆን ታወቀ። ከሁለቱ ቅንጣቶች አንዱ ብቻ የተበላሸበት ሰው ትንንሽ ኩላሊት ይዞ፣ አንዳንዴም የዓይን ጉድለት ጨምሮ ይወለዳል። አንድ ጤነኛ ቅንጣት እያለ ለምን ታመመ? አተሩ በአንድ ቅንጣት ይረካ የለም እንዴ? መልሱ ልኩ ላይ ነው። ስታርች የሚሠራው ኤንዛይም በግማሽም ሥራውን ይፈጽማል። ቅርንጫፍ የሚያበቅለው የፓክስ 2 ሥራ ግን ጊዜ የተወሰነለት ነው፤ ግማሽ ትእዛዝ ሲሰጥ የቅርንጫፉ ሕዋሳት ይሞታሉ፣ ቅርንጫፉ ያንሳል፣ ጊዜውም ያልፋል። በአይጦች ላይ የተደረገው ምርመራ ይህን አሳይቷል። ስለዚህ ይህ ጉድለት አውራ ሆኖ ይወረሳል፤ ከታመመ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ እኩሌታ ነው። በ1994 ጂኑ የተለየለት፣ ኩላሊትን በውኃ ቋጠሮ የሚሞላው የተለመደ የውርስ በሽታም እንዲሁ በአውራነት ይወረሳል።

ሁሉንም በጂን ማመካኘት ግን ስሕተት ነው። ቀኑ ሳይደርስ ወይም ክብደቱ አንሶ የተወለደ ሕፃን ጂኑ ጤነኛ ቢሆንም የኔፍሮን ስንቁ ሊያንስ ይችላል፤ የእናት ምግብና ጤና ድርሻ አለው። ለኩላሊት መድከም ዋነኞቹ ምክንያቶች ደግሞ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው። ሜንዴል ራሱ በዚህ ይመሰክራል። በ2021 የቼክ ተመራማሪዎች ዐፅሙን አውጥተው የጂን ምርመራ አደረጉ፤ ከስኳር፣ ከልብና ከኩላሊት ሕመም ጋር የሚያያዙ ምልክቶች ማግኘታቸውንም ገለጹ። የውርስን ሕግ ያገኘው ሰው በራሱ ሕግ ተነበበ። ቢሆንም ምልክት መገኘት ማለት በሽታው ከዚያ መጣ ማለት አይደለም፤ ዕድሉን ከፍ ያደርጋል እንጂ አይፈርድም።

ለክፍላችን

ይህ ለእኛ ምን ይሠራል? አንድ ቀን ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ አባቱ በኩላሊት የሞተበት ይሆናል። ውርስን ስናስተምር እጁን አውጥቶ እኔም እሞታለሁ ወይ ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልሳለን? ዕጣ ፈንታህ ነው ብንለው ሐሰት ተናገርን። ምንም የለም ብንለውም ሐሰት ነው። እውነቱ በመካከል ነው፤ የበሽታው ዓይነት ይለያያል፣ ዕድልም ፍርድ አይደለም፤ የደም ግፊትንና ሽንትን በወቅቱ ማስመርመር ደግሞ በጤና ተቋም የሚቻል ነገር ነው፤ ግፊትንም በመቆጣጠር የኩላሊቱን ድካም ማዘግየት ይቻላል።

ለማስተማሪያ መርጃም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በሁለት ጣሳ እኩል ቀይና ነጭ ቦሎቄ ይደረግ። አንዱ እናት፣ አንዱ አባት ነው። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ከያንዳንዱ አንድ አንድ ያውጡ፣ ይመዝግቡ፣ መልሰው ይክተቱ። ቀዩ አውራ ነው ከተባለ 40 ጊዜ ሲያወጡ ነጭና ነጭ ወደ 10 ጊዜ ይወጣል። በልኩ 10 ባይሆን አንደንግጥ፤ የክፍሉ ሁሉ ሲደመር ወደ ሦስት ለአንድ ይጠጋል። ሜንዴልም ብዙ የቆጠረው ለዚሁ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሰሞን ስሙን ከሰሌዳው ላይ ያጣ ጓደኛ ካለን ይህን ታሪክ እናንብብለት። የጎደለውን እንዲያጠና እንርዳው፤ ናፕ ሜንዴልን እንዳልጣሉት እኛም አንጣለው።